በመዋዕለ ሕፃናት ለምትለማመዱ፦ ከልጁ ጋር ቤተሰቡንም የመደገፍ አሠራር

የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሆናችሁ ለተግባር ልምምድ ወደ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ስትመደቡ፣ የሚሰጣችሁ ቅጽ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ይጠይቃል። ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን ተለማማጆችን ተቀብዬ በሠራሁባቸው ዓመታት የልምምዱ ፍሬ ጎልቶ ሲታይ ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው፤ ጠዋት ልጅ በሚገባበት፣ ከሰዓት በኋላ ልጅ በሚወጣበት በር ላይ። አንዲት እናት ስለ ልጇ አንድ እውነተኛ ነገር ሰምታ እንድትሄድ ማድረግ የቻለ ተለማማጅ ቤተሰብን መደገፍ ጀምሯል። ከዚህ በታች ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ስጽፍ በዓይኔ ላይ ያሉት የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ በግል መዋዕለ ሕፃናትም ሆነ በክልል ከተሞች የምትለማመዱ አብዛኛውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት

የትብብር ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ልምምዱ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ርዕሰ መምህሩን ካነጋገራችሁ በኋላ የክፍሉን መምህርትና ሞግዚቷን ሳትተዋወቁ አትመለሱ። ብዙ ተለማማጅ ሞግዚቷን ሰላም ብሎ ያልፋታል፤ ትልቅ ስህተት ነው። የትኛው ልጅ የሱሪውን ቁልፍ ብቻውን መፍታት እንደሚያቅተው፣ የማን አያት ጆሯቸው እንደሚከብድ፣ ያቺ ልጅ ስታለቅስ ማንን እንደምትጠራ የምታውቀው እሷ ናት።

ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ። እያንዳንዱን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወስደው ማን ነው? የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም የማይስማማው ምግብ ያለበት ልጅ አለ ወይ? ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው? የመጨረሻውን እንደ ትርፍ ጥያቄ አትዩት። በቤቱ ኦሮምኛ የሚነገር ልጅ «ቢሻን» ሲላችሁ ውሃ መጠየቁን ካላወቃችሁ፣ ጥማቱን ይዞ ዝም ብሎ ይውላል። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ ራበኝ፣ እናቴ፤ እነዚህን አምስት ቃላት በልጆቹ ቋንቋ ሁሉ ከሞግዚቷ ወይም ከወላጅ ተማሩ።

ስለ ሥርዓቱም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከአራት ምሰሶዎቹ አንዱን ለወላጆች ትምህርት ሰጥቷል። ብዙዎቻችን «ኦ ክፍል» ብለን የምንጠራው የአንድ ዓመት ዝግጅት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። አንድ ሰው «ከወላጅ ጋር ምን አነጋገራችሁ?» ቢላችሁ፣ ወላጅን ማነጋገር የሥራው አካል መሆኑን በልበ ሙሉነት ማስረዳት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ

ለማስተማር አትቸኩሉ። ጭቃና ቀለም ቢነካው የማያሳዝናችሁን ልብስ ልበሱ፣ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ከላይ ከሚያየው ሰው ይልቅ ከጎኑ ለተቀመጠው ነው የሚያወራው። ስማቸውን ቤተሰቡ እንደሚጠራው አድርጋችሁ ጥሩ፤ አታሳጥሩት።

ሲጫወቱ እዩ። በኩኩሉ ጨዋታ ሁልጊዜ ዓይኑን የሚጨፍነው ማን ነው? ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ በአንድ እግሩ መቆም የሚያቅተው የትኛው ነው? ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ደግሞ የቤታቸው ድምፅ ይሰማችኋል፤ እናት የሆነችው ልጅ ቡና ስትቀዳ የምትናገረው ቃል፣ አባት የሆነው ልጅ «ሥራ ሄድኩ» ብሎ የሚቆምበት ጥግ። የሰማችሁትን ግን ወዲያው አትተርጉሙ። ልጅ ያየውንም የተመኘውንም ያስመስላል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይጣሱ ነገሮች አሉ። ልጅን ወደ ሽንት ቤት ስታጅቡ ሞግዚቷ ትወቅ፣ በርም አይዘጋ። የልጆችን ፎቶ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ አትለጥፉ። አትቆንጥጡ፣ አትምቱ፣ አታንበርክኩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች የማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንዳንድ ወላጅ በፍቅር «ካስቸገረ ቆንጥጡልኝ» ይላል። ያን ጊዜ ስለ ሕግ ንግግር ከማድረግ «እኛ ዘንድ መቆንጠጥ ክልክል ነው፤ በቤት ሲያስቸግር ግን ምን እንደሚያደርግ ቢነግሩኝ አብረን መላ እንፈልጋለን» በሏቸው። ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ጭንቀት የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

ያያችሁትን ጻፉ፣ ፍርድ አትጻፉ

ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተር ያዙ። «ሰነፍ ነው፣ ትኩረት የለውም» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅም። አንዲት ተለማማጄ ስለዚያው «ሰነፍ» ልጅ የጻፈችውን አስታውሳለሁ፦ «3፡20። አሥራ አንድ ቆርኪ በመስመር ደረደረ። ቀዮቹን ለብቻ፣ ቢጫዎቹን ለብቻ። አንድ ቢጫ ጎደለበት፤ ምንጣፉን ገልጦ አገኘው። ጓደኛው ሁለቱን ሲወስድበት አልመታውም፤ "ስትጨርስ ትመልስልኛለህ?" አለው።»

በእነዚህ አጫጭር መስመሮች ውስጥ ልጁ ነገሮችን በዓይነታቸው መለየት መቻሉ አለ፣ የጎደለውን ማወቁ አለ፣ በቃል መደራደሩ አለ። ለእናቱ የሚነገረውም ይኸው ነው። ስትጽፉ ሰዓቱን፣ እጁ የሠራውን፣ አፉ የተናገረውን አስፍሩ፤ «ጎበዝ»ም «ደካማ»ም የሚሉ ቃላትን ተዉ።

በቀን ሦስት ልጅ ምረጡ። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል በሁለት የትምህርት ሳምንት ሁሉንም ታዳርሳላችሁ። ካልመረጣችሁ ግን ዓይናችሁ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደሚጮኸውና ወደሚማታው ነው፤ ጥግ ይዛ ዝም የምትለዋ ልጅ ልምምዳችሁ እስኪያልቅ ሳትታይ ትቀራለች።

በሩ ላይ

እኔ ራሴ ተለማማጅ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት እናት በር ላይ «ልጄ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሌሎች ወላጆች በዙሪያችን ነበሩ። «እርሳስ እንኳ መያዝ አልቻለም፤ ማታ ማታ ብታስጠኚው ጥሩ ነው» አልኳት። ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸግ አድርጋ የልጇን እጅ ይዛ ሄደች። በማግሥቱ ልጁን ያመጣችው የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ልምምዴ እስኪያልቅ እናቱን አላየኋትም። በኋላ ሞግዚቷ እንደነገረችኝ፣ ያቺ እናት እስከ ምሽት ጉሊት ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ልጇ ተኝቶ ነው የምታገኘው። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። በሰው ፊት፣ እየቆምኩ፣ ኑሮዋን ሳልጠይቅ መናገሬ ግን ጥፋት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ለተለማማጆቼ የማስተምረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ በወጉ ሰላምታ ስጡ። ለአረጋዊት «እማማ፣ እንደምን አደሩ»፣ ለአባት «እንደምን አደሩ» በሉ፤ የዕድሜ እኩያችሁ የምትመስል እናትንም ራሷ አንቺ እስክትላችሁ ድረስ በእርስዎ አነጋግሩ። ልጁን ይዛ የመጣችውን ሁሉ እናት አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ አክስት፣ ታላቅ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ቀጥሎ ከደብተራችሁ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ ተናገሩ፦ «ዛሬ የጠፋበትን ቆርኪ እስኪያገኝ ድረስ ተስፋ ሳይቆርጥ ፈለገ።» በመጨረሻ ጠይቁ፦ «በቤትም እንዲህ ነው?» ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ወላጁ የሚመልሰው ከናንተ ንግግር ይበልጣል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰው አታስቁሙት።

የሚያሳስብ ነገር በር ላይ አይነገርም። እሱ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ የክፍሉ መምህርትም አብራችሁ መሆን አለባት። ለቤት ሠራተኛ ወይም ለጎረቤት ደግሞ የልጁን ችግር አትንገሩ፤ መልካሙን ግን ያለ ስስት ንገሯቸው፣ ወደ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ።

ስለ አያቶች ለብቻው መናገር አለብኝ። በየክፍሉ እናታቸው ለሥራ ወደ አረብ አገር ሄዳ ከአያታቸው ጋር የሚያድጉ ልጆች ታገኛላችሁ። በመገናኛ ደብተር የጻፋችሁትን አያትየዋ ካልመለሱ ማንበብ ስለማይችሉ ሊሆን ይችላል። አትውቀሷቸው፤ በሰው ፊትም «አነበቡት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልእክቱን በቃል ንገሯቸው፣ ቀኑን ከበዓል ጋር አያይዙላቸው፦ «ከገብርኤል በኋላ ባለው ሰኞ።» አንዲት ልጅ ትልቅ አውሮፕላንና መስኮቱ ላይ ፊት ሣለች። ተለማማጇ ሥዕሉን ለአያቷ ሰጥታ «ለእናቷ በስልክ ፎቶ አንስተው ቢልኩላት» አለቻቸው። የጎረቤት ልጅ አንስቶ ላከላቸው። በማግሥቱ አያትየዋ በር ላይ ቆመው ተለማማጇን ጠበቋት፤ እናትየዋ የላከችውን የድምፅ መልእክት ሊያሰሟት ስልኩን ይዘው ነበር የመጡት።

አባቶች ብዙውን ጊዜ ከበሩ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ቅረቡ ከማለት ሥራ ስጧቸው። አናጺውን በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ቁርጥራጭ እንጨት፣ ልብስ ሰፊውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኑ። ያመጣውን እንጨት ልጆቹ ሲገነቡበት እንዲያይ ጋብዙት።

«ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ?»

ይህ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። ወላጅ የሚከፍለውን መሥዋዕትነት የሚለካው በተሞላ ደብተር ነው፤ ከጎረቤት ያለው ልጅ ሀ ሁ ጽፎ፣ በእንግሊዝኛም ቆጥሮ ሲመጣ ይፈራል። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አክብሩት።

መልሳችሁን በዓይን አሳዩ። ወላጁን አሥር ደቂቃ ክፍል ውስጥ አስቀምጡትና ልጁ ጭቃ ሲያድቦለብል፣ ወረቀት ሲቀድ፣ ገመድ ሲያስገባ ይመልከት። «ይህ ጣት እርሳስ ለመያዝ እየጠነከረ ነው» ማለት ያን ጊዜ ይገባል። በየኔታ ዘንድ የተማሩ አረጋውያን ቢያጋጥሟችሁ ደግሞ የራሳቸውን ትዝታ ጠይቋቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ ይለያል፤ መጻፍ የሚመጣው ቆይቶ ነበር። ይህን ሲያስታውሱ ከናንተ በተሻለ ለወጣቶቹ ወላጆች ያስረዳሉ።

በቤት ምን እናድርግ ሲሏችሁ፣ ገንዘብም ተጨማሪ ጊዜም የማይጠይቅ ነገር ንገሯቸው። ምስር ሲለቀም ልጁ ጠጠሩን ይልቀም። ሲኒ ሲደረደር ይቁጠር፤ ሦስት እንግዳ ከመጣ ስንት ሲኒ ይቀራል? ካልሲ ሲታጠፍ ጥንዱን ይፈልግ። መብራት ሲጠፋ ተረት ተረት፣ እንቆቅልሽ። ወላጁ የሚቀናውን ቋንቋ ይናገር፤ ጉራጊኛም ትግርኛም ኦሮምኛም ልጁ የሚያስብበት መሣሪያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ቤት ውስጥ ታናሽ ሕፃን ካለ ባቄላና ሽንብራ መጫወቻ አይሁን። አፍንጫ ውስጥ የገባ ሽንብራ ያበጠበትን ልጅ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠን እናውቃለን።

ኪስ ውስጥ የተደበቀ ዳቦ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ይቀርባል። የምግብ ሰዓት ለተለማማጅ ዕረፍት መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ንቁ የምትሆኑበት ሰዓት ይሁን እላለሁ። ዳቦውን ግማሽ በልቶ ግማሹን ወደ ኪሱ የሚያስገባ ልጅ ታያላችሁ። ዙሪያውን አይቶ፣ በመዳፉ ሸፍኖ፣ በቀስታ ነው የሚያስገባው። «ምን ደበቅህ?» ብላችሁ አትጩኹ፤ ከኪሱም አታውጡ። ከምግብ በኋላ ለብቻው አጠገቡ ተቀመጡ። «ለታናሽ እህቴ ነው» ሊላችሁ ይችላል።

ለክፍሉ መምህርት በዚያው ቀን ንገሩ። ከኪሳችሁ ገንዘብ አውጥታችሁ ለቤተሰቡ አትስጡ፤ ልባችሁ ይገፋፋችኋል፣ አውቃለሁ። ልምምዳችሁ ሲያልቅ ግን ርዳታው ይቆማል፣ በመካከሉም ወላጁ ከናንተ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ያፍራል። የሚዘልቀው መንገድ ትምህርት ቤቱ ከወረዳው፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። የናንተ ድርሻ ያያችሁትን በትክክል፣ ሳታጋንኑ፣ ለሚመለከተው ማድረስ ነው። በማግሥቱ ያ ልጅ መጀመሪያ ሆዱን እንዲሞላ ሞግዚቷ አንድ ተጨማሪ ቁራሽ ብታቀርብለት ደግሞ ማንም አይቃወምም።

የቤት ጉብኝት

ብቻችሁን አትሂዱ፤ መምህርቷ ትቅደም፣ ቀኑም በቤተሰቡ ይመረጥ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስጦታ ገዝቶ መሄድም ሌላውን ቤተሰብ ያስቀይማል። ልጁ የሠራውን ሥዕል ወይም ጭቃ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ፊት አውጥታችሁ ለወላጁ ስትሰጡ ቤቱ ሁሉ ይፈካል።

ዱካ ላይ ቢያስቀምጧችሁ ተቀመጡ፣ ቤቱን በዓይን አታስሱ፣ ማስታወሻ ደብተር አታውጡ። ቡና ከቀረበ አቦሉን በጥድፊያ ጠጥታችሁ አትነሡ። ልባቸውን የሚከፍቱት ቶና ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የልጁን መልካም ነገር አጫውቱ። ከዚያ «እንዴት ብናግዛችሁ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰጡትን ምክር ወደ አንድ አውርዱት። ቃል ልትገቡ የምትችሉት በእጃችሁ ያለውን ብቻ ነው። ማስታወሻውን ከቤቱ ርቃችሁ በዚያው ምሽት ጻፉት።

ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የልጁ ዕድገት ሲያሳስባችሁ ነው፦ ከኋላው ስትጠሩት የማይዞር፣ እኩዮቹ በሚያወሩበት ዕድሜ የማያወራ። የበሽታ ስም አታውጡለት። ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ቀን አይታችሁ ጻፉ፣ ለመምህርቷ አሳዩ፣ ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይመከር። የጆሮ ችግር እንደ ግትርነት ተቆጥሮ ብዙ ልጅ ያለ ጥፋቱ ተቀጥቷል። ልጃቸውን ደብቀው ያኖሩ ወላጆች ካሉም ፍርሃታቸው ከሰው አፍ ነው፤ የመጀመሪያው ርዳታ ልጁን በስሙ ጠርቶ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

ሁለተኛው በልጁ ገላ ላይ ምልክት ስታዩ ወይም ጉዳት እንደደረሰበት ሲነግራችሁ ነው። አትመርምሩት፣ ደጋግማችሁ አትጠይቁት፣ «ለማንም አልናገርም» አትበሉት። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በሉት። ያለውን በራሱ ቃል ጻፉና በዚያው ቀን፣ ለነገ ሳታሳድሩ፣ ለመምህርቷና ለርዕሰ መምህሩ አሳውቁ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ጉዳዩን የሚይዙበት መንገድ አለ። ለጎረቤት፣ ለጓደኛ፣ በኮሌጅ ክፍል ውስጥም ቢሆን አትተርኩት።

የወላጅ ስብሰባ ላይ የመናገር ዕድል ከተሰጣችሁ አጭር ሁኑ። የአንድን ልጅ ስም በመልካምም በክፉም አትጥሩ፤ ልጆች የሠሩትን ደርድራችሁ ወላጆች እንዲነኩት አድርጉ።

የመጨረሻው ሳምንት

ልጆቹ ሳይሰሙ አትጥፉ። አምስት ቀን ሲቀራችሁ ንገሯቸው፤ አምስት ቆርኪ ግድግዳ ላይ አድርጋችሁ በየቀኑ አንድ አንድ ያንሱ። ሰው ከቤቱ ድንገት የተለየበት ልጅ የናንተ መሄድ ከሌላው ይበልጥ ይከብደዋልና ለብቻውም ንገሩት።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከደብተራችሁ አንድ ያያችሁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከልጁ ሥዕል ጋር በር ላይ ስጡ፤ ማንበብ ለማይችሉት እዚያው አንብቡላቸው። ስለ ልጆቹ የያዛችሁትን ማስታወሻ ለክፍሉ መምህርት አስረክቡ፣ ለኮሌጁ በምታስገቡት ሪፖርት ላይ የልጆችንም የወላጆችንም ስም አጥፉ። ቤተሰቦች በምስጢር የነገሯችሁ የተጻፈበትን ገጽ ቀድዳችሁ አቃጥሉት። ሞግዚቷን ሳትሰናበቱ ከግቢው አትውጡ።